በአንድ ጥር የተመለሱ ሁለት ስደተኞች

ከይፋግ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው አዲስ ዘመንን ካለፈ በኋላ መንገዱ እየጠበበበት ይሄዳል። በግራው ወደ ጣና የሚወርደው ሜዳ፣ በቀኙ ጋራው፤ በሁለቱ መካከል አንድ ማለፊያ አለ፤ ቁልቋል በር ይባላል። በር መባሉ ለስም ማሳመሪያ አይደለም። ከደብረ ታቦርም ሆነ ከባሕር ዳር የመጣ ሠራዊት ጎንደር ልግባ ቢል መጀመሪያ የሚገጥመው ይህን ማለፊያ ነው። ጣልያኖች በ1933 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው ከአሥመራ እስከ ሞቃዲሾ ሲፈርስባቸው ይህን በር ይዘው ቀሩ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ከስድስት ወር በላይ፣ ከይፋግ በስተ ሰሜን የጣልያን ባንዲራ ይውለበለብ ነበር።

ምሽጉ የተሰበረው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስድስት ቀን ቆይቶ የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ። በዚያ ምሽግ ካራቢኒየሪ የሚባለው የጣልያን ጦር አንድ ክፍል እስከ መጨረሻው ተዋግቶ አልቋል፤ ስለዚህ ቀኑ፣ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 21፣ ዛሬም ጣልያን አገር በየዓመቱ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1949 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እመቤታችንን የካራቢኒየሪ ጠባቂ ብለው ሲሰይሙ በዓሉ በዚያው ቀን እንዲውል ተደረገ። እኛ ዘንድ ኅዳር 12 ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሚካኤል ነው። የተሸነፈው ቀኑን ያዘ፣ ያሸነፈው ረሳው፤ ይህ በራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ለዛሬ ግን ልለፈው።

ዛሬ የያዝኩት ጥያቄ ሌላ ነው። ጣልያን ከቁልቋል በር ሲወጣ አገሩ ለማን ቀረ? መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ ለኢትዮጵያ። በዚያው ዘመን ግን ሌላ አገር፣ ሌላ ሕዝብ፣ እንዲሁ ወራሪውን ተዋግቶ፣ እንዲሁ ነጻነቱን አውጆ፣ አገሩ ግን አልቀረለትም። ያ አገር ቬትናም ነው። እኛ አምስት ዓመት ስንል እነሱ ሠላሳ ዓመት ይላሉ፤ እሱም ከ1945 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ብቻ ሲቆጠር ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? «እኛ ስለማንንበረከክ» የሚለው መልስ ለድግስ ቤት ይሆናል። ቬትናሞችም አልተንበረከኩም።

ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኝ አንድ ወር አለ፤ ጥር 1933 ዓ.ም.። ጥር 12 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ። አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት የቀረው ስደት ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጥር 20፣ በሌላው የዓለም ጫፍ አንድ ቀጭን ሰው ከቻይና ተነስቶ 108 ቁጥር የተጻፈበትን የድንበር ድንጋይ አለፈና ፓክ ቦ ከምትባል መንደር አጠገብ ዋሻ ውስጥ ገባ። ከአገሩ የወጣው በ1911 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ሆ ቺ ሚን የሚለው ስም ገና አልታወቀም። ንጉሡ 48 ዓመታቸው ነበር፤ ሰውዬው 50።

ሁለቱም በጦርነቱ መካከል፣ ወራሪው በተጨነቀበት ሰዓት፣ በጎረቤት አገር በኩል ተመለሱ። የያዙት ስንቅ ግን አይመሳሰልም። ከንጉሡ ጋር ሳንድፎርድና ዊንጌት የሚባሉ የእንግሊዝ መኮንኖች፣ የሱዳን ወታደሮች፣ በአውሮፕላን የሚበተን አዋጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማኅተም ነበረ። ሆ ቺ ሚን በዋሻው ውስጥ የሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲን ታሪክ ይተረጉም ነበር፤ በአጠገቡ ለሚወርደው ወንዝ የሌኒንን፣ ለተራራው የማርክስን ስም ሰጠ። የአንድ ትንሽ መንደር ወንዝና ተራራ ነው እንግዲህ። ንጉሡ አዲስ አበባ በገቡ በሁለት ሳምንት፣ ግንቦት 11 ቀን 1933፣ በዚያው በፓክ ቦ ቬት ሚን የሚባለው የነጻነት ግንባር ተመሠረተ።

ማኅተም ያልኩትን ነገር፣ በዓለም ፊት የታወቀ መንግሥት መሆንን፣ ትንሽ ልዘርዝረው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነውና።

ፈረንሳዮች ቬትናምን መንካት የጀመሩት በ1858 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት ማለት ነው። በ1862 የደቡቡን አውራጃዎች በውል ወሰዱ፤ በ1884 የቀረውን በሞግዚትነት ያዙ፤ በ1887 ከካምቦዲያ ጋር አጣምረው ኢንዶቺን አሉት። ወጣቱ ንጉሥ ሃም ንጊ በ1885 ከቤተ መንግሥቱ አምልጦ ጫካ ገባና ሕዝቡ እንዲነሣ አዋጅ አስነገረ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ተያዘ፤ አልጄርስ ላይ አስቀመጡት፤ እዚያው ሞተ። በስሙ የተነሡት ሊቃውንትና ገበሬዎች ግን ቀጠሉ። ከመሪዎቹ ሁሉ ያስቸገረው ፋን ዲን ፉንግ በ1896 መጀመሪያ ጫካ ውስጥ በተቅማጥ ሞተ፤ በእሱ ሞት የንጉሡ ደጋፊዎች አመፅ አበቃ። 1896 በእኛ 1888 ነው። በዚያው ወራት እኛ ዐድዋ ላይ ነበርን።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ አገሮች በዓለም መዝገብ ላይ የተለያየ ስም ያዙ። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር የድንበር ውል የምትፈርም መንግሥት ሆነች፤ በ1923 እ.ኤ.አ. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ቬትናም ሦስት ቦታ ተከፍላ ስሟ ከካርታ ጠፋ። በ1919 የዓለም ኃያላን ቬርሳይ ላይ ሲሰበሰቡ ፓሪስ የነበሩ ቬትናሞች ስምንት ነጥብ ያለው አቤቱታ አቀረቡ፤ ከስር የነበረው ስም ንጉየን አይ ኩዎክ ይላል፤ በኋላ ሆ ቺ ሚን የተባለው ሰው መጠሪያ ነበር። ነጻነት እንኳ አልጠየቁም፤ የጋዜጣ፣ የመሰብሰብና የፍርድ እኩልነት ነው የጠየቁት። ከቁም ነገር የቆጠራቸው አልነበረም። ከ17 ዓመት በኋላ ኃይለ ሥላሴም ጄኔቫ ላይ አቤት ብለው ሰሚ አጡ። ግን አቤቱታው ከአባል ወንበር የቀረበ ነበር፤ የሰሙትም ዝም ማለታቸውን እያወቁ ዝም ያሉ ናቸው። የቬትናሞቹ ግን ከደጅ የቀረበ ነው።

«ወንበሩ ምን ጠቀመ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ነው። ወንበሩ ከመርዝ ጋዝ አላዳነንም። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1938 እ.ኤ.አ. የጣልያንን ወረራ ሕጋዊ ነው ብለው ተቀበሉ። ነገር ግን አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይና፣ ሜክሲኮና ኒው ዚላንድ አልተቀበሉም። ጣልያን በ1940 እ.ኤ.አ. ከሂትለር ጎን ሲሰለፍ እንግሊዝ ያንን መቀበሏን እንደ ሸማ አውልቃ ለመጣል የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምታውቀው ንጉሥ። እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ተቀምጦ ሲጠብቅ አገኘችው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤደን ጥር 27 ቀን 1933 ለምክር ቤታቸው ኢትዮጵያ እንደገና ነጻ አገር ብትሆን መንግሥታቸው እንደሚደሰትና የንጉሡን የዙፋን መብት እንደሚቀበል ተናገሩ። ይህ ቃል ባይነገር ኖሮ ከኦሜድላ የተነሣው ሰልፍ የእንግሊዝ ዘመቻ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ማኅተሙ ብቻውን ግን ወረቀት ነው። የማኅተሙን ዋጋ ያስጠበቁት ጎጃምና በጌምድር ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ያልተኙት ናቸው። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ በጎጃም፤ አሞራው ውብነህ በአርማጭሆ፤ በየቀበሌው ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ። ጣልያን ከተማና መንገድ ያዘ፤ ከመንገዱ ወጣ ሲል ግን አገሩ የሰው ነበር። በይፋግና በሊቦ ያለፈው መንገድ ለእሱ ገመድ ነበር፤ ከገመዱ ግራና ቀኝ ያለውን ማታ አያውቀውም። «ባንዳ» የሚለው ቃል ዛሬ የያዘውን ምሬት ያገኘው፣ «ውስጥ አርበኛ» የሚለውም የተወለደው በዚያ ዘመን ነው። ቬትናሞችም ቀን ለፈረንሳይ፣ ማታ ለቬት ሚን የሚሠራ የመንደር ሹም ነበራቸው። ሁለቱም ሕዝብ ያንን ኑሮ ያውቀዋል።

እስካሁን ያልኩት ልዩነቱን በከፊል ያስረዳል። ሙሉውን ለማየት ወደ እንግሊዞች መመለስ ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም አገር በአራት ዓመት ልዩነት «ነጻ» ለማውጣት የመጡት እነሱ ናቸውና።

ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ የጦር አስተዳደር ይዘው ነው የገቡት። የያዙትን ሁሉ የጠላት ግዛት ብለው ሰየሙት፤ ኢትዮጵያንም ጭምር። አዲስ አበባ የተያዘችው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ ንጉሡ እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ እንዲቆዩ ተደረገ። በግንቦት መጀመሪያ ንጉሡ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእንግሊዝ መኮንኖች ተቆጡ፤ የሰላም ውል ከጣልያን ጋር እስኪፈረም ድረስ ሙሉ ሥልጣን የለዎትም አሏቸው። ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመው ስምምነት አገሪቱን ነጻ ብሎ ጠራት፤ ከዚያ ወረድ ብሎ ግን የእንግሊዝ መልእክተኛ ከዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን፣ አማካሪዎቹ እንግሊዛውያን እንዲሆኑ፣ ሠራዊታቸውም በአገሩ እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ ፈቀደ። በገበያው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዞር ነበር። ጣልያን ጥሏቸው የሄደ ማሽኖችና መኪናዎች እየተጫኑ ወደ እንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሄዱ። ኦጋዴን በእጃቸው ቀረ። ከመኮንኖቻቸው አንዳንዶቹ ትግራይን ከኤርትራ ጋር ስለማዋሐድ ያወሩ ነበር።

ይህን ሁሉ የማነሳው እንግሊዝን ለመክሰስ አይደለም፤ የእኛም ነገር በአንድ ክር ተንጠልጥሎ እንደነበረ ለማሳየት ነው። ክሩን ያጠበቀው ንጉሡ ሦስተኛ ኃይል ማግኘታቸው ነው። አሜሪካኖች በ1936 ዓ.ም. የቴክኒክ ጓድ ላኩ። የካቲት 6 ቀን 1937 ንጉሡ ሮዝቬልትን በግብፅ መራር ሐይቅ ላይ በቆመ የጦር መርከብ አገኟቸው። ከዚያ በፊት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937፣ ከእንግሊዝ ጋር ሁለተኛው ስምምነት ተፈርሞ የመጀመሪያው ማነቆ አብዛኛው ተፈትቶ ነበር። በ1937 የኢትዮጵያ ብር ሽልንጉን ተካ። የኦጋዴን ነገር ብቻ ከዚያም በኋላ ተጎተተ፤ የሐውድ ደግሞ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ።

አሁን ቬትናምን እዩ። በማርች 1945 ጃፓኖች ፈረንሳዮችን አስረው አገሩን በቀጥታ ያዙ። በሰሜኑ ክፉ ረሃብ ነበር፤ ሆ ቺ ሚን በነጻነት ንግግሩ የሞቱትን ከ2 ሚሊዮን በላይ ይላቸዋል። ቬት ሚኖች የሩዝ ጎተራ እየሰበሩ ለረሃብተኛው አደሉ፤ ብዙው ገበሬ ያወቃቸው በዚያ ነው። በነሐሴ ጃፓን ስትወድቅ ሥልጣን እነሱ እጅ ገባ፤ የፈረንሳይ ሹም የነበረው ንጉሥ ባኦ ዳይ ዙፋኑን ለቆ ማኅተሙንና ሰይፉን አስረከበ። ነሐሴ 27 ቀን 1937 ሆ ቺ ሚን ሃኖይ ላይ ነጻነት አወጀ፤ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ እየጠቀሰ። በዚያ ወር አጠገቡ የአሜሪካ የስለላ መኮንኖች ነበሩ፤ ወታደሮቹን አሠልጥነዋል፤ ወባ ይዞት ሲታመምም ሐኪማቸው አክሞታል።

ከአሥር ቀን ትንሽ ቆይቶ እንግሊዝ መጣች። የ20ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ግሬሲ ሳይጎን ገባ። ሥራው ጃፓኖችን ትጥቅ ማስፈታት ነበር። እሱ ግን ታስረው የነበሩትን የፈረንሳይ ወታደሮች ፈትቶ አስታጠቀ፤ በሴፕቴምበር 23 ፈረንሳዮች የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች ያዙ፤ ጸጥታ ለማስከበር ደግሞ እጃቸውን የሰጡ የጃፓን ወታደሮችን ተጠቀመ። ከረን ላይ ጣልያንን የሰበሩት የሕንድ ክፍለ ጦሮች ናቸው። አራት ዓመት አለፈና ሌላ የሕንድ ክፍለ ጦር፣ በዚያው ባንዲራ ስር፣ ቅኝ ገዢውን መልሶ አስቀመጠ።

ለምን? መልሱ እኔ እንደሚመስለኝ ከጀግንነትም ከማኅተምም በላይ ነው። እኛን የወረረ ከተሸናፊዎቹ ወገን ሆነ፤ እነሱን የያዘ ከአሸናፊዎቹ። ጣልያን ለእንግሊዝ ጠላት ነበረች፤ ኢትዮጵያን ከእጇ መንጠቅ ለእንግሊዝ ትርፍ ነው። ፈረንሳይ ወዳጅ ነበረች፤ ቬትናምን ከእጇ መውሰድ አውሮፓ ውስጥ ወዳጅ ማስቀየም ነው። ደግሞም ሕንድንና በርማን የያዘ መንግሥት የጎረቤት ቅኝ ግዛት ነጻ ሲወጣ ማየት አይመቸውም። ሆ ቺ ሚን ለትሩማን ደብዳቤና ቴሌግራም ጻፈ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ። መልስ አልመጣም። ሮዝቬልት ኃይለ ሥላሴን በመርከብ ሲቀበሏቸው የነበረው የዚያው መንግሥት በር ነው የተዘጋው። ሙሶሊኒ በ1940 እ.ኤ.አ. ከጦርነቱ ውጭ ቢቆይ ኖሮ፣ ስፔን እንዳደረገችው፣ የእኛ አምስት ዓመት ስንት ይሆን ነበር? ይህን ጥያቄ የሚወድ ኢትዮጵያዊ ብዙ አላየሁም። እኔ ግን ጎጃም የተዋጋው ተዋግቶ፣ ንጉሡም ባዝ ላይ አርጅተው፣ ነገሩ ወደ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሊጎተት ይችል እንደነበር አስባለሁ። ያን ጊዜ የበላይ ዘለቀ ስም የቬት ሚንን ዓይነት ትርጉም ይኖረው ነበር።

ሆ ቺ ሚን በማርች 1946 ከፈረንሳይ ጋር ተስማማ። ቃሉ ላይ ብዙ ተከራከሩ፤ ቬትናሞች «ነጻነት» የሚለውን ቃል ፈለጉ፣ ፈረንሳዮች ያንን ቃል እምቢ ብለው በፈረንሳይ ኅብረት ውስጥ «ነጻ መንግሥት» የሚለውን ሰጡ። ልዩነቱ ለእኛ ቋንቋ አስቸጋሪ ነው፤ ሁለቱንም «ነጻ» እንላቸዋለን። ለእነሱ ግን የጦርነት ያህል ክብደት ነበረው። በኖቬምበር ፈረንሳዮች ሃይፎንግን በመርከብ መድፍ ደበደቡ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 1939 ጦርነቱ በአገሩ ሁሉ ተነሣ። ልክ በዚያ ቀን፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እኛ ከእንግሊዝ ጋር ሁለተኛውን ስምምነት ፈርመናል።

አሁን ወደ ቁልቋል በር ልመለስ፤ ፈረንሳዮች ድል የሆኑበትን ዲየን ቢየን ፉን አጠገቡ ላስቀምጠው።

ቁልቋል በርን የከበቡት እነማን ነበሩ? ከኬንያና ከጎረቤቶቿ የመጡ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወታደሮች፣ የእንግሊዝ መድፍና አውሮፕላን፣ በጎንም የእኛ አርበኞች። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሞክረው ተመለሱ፤ በሁለተኛው ሰበሩት። አርበኛው ያገሩን ገደል ያውቃል፣ ስንቅ ይቆርጣል፣ ሌሊት ምሽጉን ያስጨንቃል፤ መድፉ ግን የሌላ ነው። ስለዚህ ውል ሲፈረም ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የመድፉ ባለቤት ነበር፤ ከእሱ ፊት ንጉሡ። አርበኛው አልተቀመጠም። በላይ ዘለቀ ጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ፤ የነገሩ ዝርዝር ብዙ ነው፣ ግን የአገሬው ሰው ያ ነገር ምን እንደሚል ለማወቅ ዝርዝር አላስፈለገውም።

ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከማርች 13 እስከ ሜይ 7 ቀን 1954፣ 56 ቀን፣ የከበበው የገበሬው ልጅ ራሱ ነው። መድፉ እዚያም ከሰማይ አልወረደም፤ ከቻይና ነው የመጣው፤ ማኦ በ1949 ካሸነፈ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ለቬት ሚን ዕውቅና የሰጠ አንድ መንግሥት አልነበረም፤ ቻይና የመጀመሪያዋ ሆነች፣ በጃንዋሪ 1950። ልዩነቱ መድፉን ማን ጎተተው የሚለው ላይ ነው። ፈረንሳዮች ሸለቆው ውስጥ ሰፈሩ፤ በተራራው ላይ ከባድ መሣሪያ ይወጣል ብለው አላሰቡም። የቬት ሚኑ አዛዥ ጄኔራል ዣፕ መድፎቹን በገመድ፣ በሰው ጉልበት፣ ስንዝር በስንዝር አወጣቸው፤ ስንቁ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሰው ጫንቃና በብስክሌት መጣ፤ ብስክሌቱን አይነዱትም፣ ጭነው ይገፉታል። ከ10,000 በላይ ምርኮኛ ወሰዱ፤ ከምርኮኞቹ መካከል ሞሮኮዎችና አልጄሪያዎች ነበሩ፣ ቁልቋል በር ላይ የጣልያን አስካሪዎች እንደነበሩ ሁሉ።

ያም ሆኖ ከድሉ በኋላ በጄኔቫው የሰላም ድርድር ላይ የረዳቸው ወዳጅ ዋጋውን ጠየቀ። ቻይናና ሶቪየት ኅብረት አሜሪካ በጦርነቱ እንዳትገባ ስለፈሩ ቬት ሚንን አገሩ በ17ኛው የኬክሮስ መስመር እንዲከፈል ገፉት። በ1956 እ.ኤ.አ. ይደረጋል የተባለው ምርጫ አልተደረገም። በዚያ ክፍተት አሜሪካ ገባች፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ወታደር አወረደች፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አደረሰችው። በመጨረሻው ሳይጎን የወደቀችው ሚያዝያ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

የመንደሩን ጉዳይ ሳላነሳ ብተወው ትንታኔው ይጎድላል። ቬት ሚን ገበሬውን የያዘው በባንዲራ ብቻ አይደለም፤ በኪራይ ቅነሳና በመሬት ነው። በቀይ ወንዝ ዳር መሬት ጥቂት፣ ሰው ብዙ፣ ባለዕዳ በየቤቱ ነው። ይፋግና ፎገራ እንዲህ አልነበሩም። እዚህ ገበሬው ርስተኛ ነው፤ መሬቱን ከአባቱ ነው የሚቆጥረው፣ የሚፈራው ጌታ ሳይሆን ቀላድና ግብር ነው። ለዚህ ነው አርበኛው ጣልያንን ሲዋጋ ርስቴንና ሃይማኖቴን ብሎ እንጂ ሌላ ዓይነት ሥርዓት ፈልጎ ያልነበረው፤ ጦርነቱ ሲያልቅም ወደ እርሻው የተመለሰው። ቬትናሙ ገበሬ ጦርነቱ ሲያልቅ የሚመለስበት መሬት አልነበረውም። አንዱ ጦርነት ያለውን የማስመለስ፣ ሌላው የሌለውን የማግኘት ነበር። ሁለተኛው እንዲረዝም የሚያደርገው የራሱ ምክንያት አለው።

የአዲስ አበባ ተማሪዎች ይህንን ልዩነት ብዙም አልመረመሩትም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ ዓይናቸው ደቡቡ ላይ ነበር፤ እዚያ ጭሰኛ አለ። ልባቸው ደግሞ ቬትናም ነበር። «ፋኖ ተሰማራ» የሚለው መዝሙራቸው ሆ ቺ ሚንን ከቼ ጉቬራ ጋር ጠርቶታል። የገረመኝ ነገር ይህ ነው፤ «ፋኖ» የሚለው ቃል የአያቶቻቸው ነው፤ በደፈጣ የተዋጋ ገበሬ በየገበያው ተቀምጦ ነበር፤ እነሱ ግን ምሳሌውን ከሜኮንግ አመጡት። የቅርቡ አርበኛ የንጉሡ ሜዳልያ ስለተንጠለጠለበት ይሆናል።

በ1960 ዓ.ም. ጥር ቬት ኮንግ የሚባሉት የደቡቡ ኮሚኒስት ተዋጊዎች በቴት በዓላቸው ደቡብ ቬትናምን በሙሉ ሲያጠቁ ዓለም ሁሉ ሰማ። በዚያው ዓመት ጎጃም ውስጥ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ያሉ ገበሬዎች ተነሡ፤ ግብር ይጨምራል፣ መሬት ይለካል፣ ርስታችን ይወሰዳል ብለው። መንግሥት አውሮፕላን ልኮ ደበደባቸው፤ በመጨረሻ አልሆነለትም፤ አስተዳዳሪውን አነሣ፣ የኋላ ዕዳውንም ተወ። የጣና ደቡብ ዳር ላይ፣ የአርበኞቹ አገር ላይ የሆነ ነገር ነው። የተማሪዎቹ ጽሑፎች ግን ከዚህ ይልቅ ሃኖይን ያውቁ ነበር ብል የማጋንን አይመስለኝም። 

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ርስትም ጭሰኝነትም በአንድ ቀን ቀሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሳይጎን ወደቀች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት ጀመሩ።

ዛሬ በይፋግ ቁልቁል፣ ወደ ጣና በሚተኛው ሜዳ ላይ፣ በክረምት ውኃ የተኛበት ማሳ ሁሉ ሩዝ ነው። እንግዳ ሰው ሲያየው «ቬትናም ይመስላል» ይላል። ሩዙ ግን ከቬትናም አልመጣም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ፎገራ ላይ የሞከሩት ዘር ነው፤ ስሙም ከጅግና ቀበሌ ስም ተወስዶ ኤክስ ጅግና ተባለ። ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማእከል አለ፤ ገበሬው ደግሞ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል።